የሮኬት መወንጨፍን በፎቶግራፍ ለማስቀረት፦ ከዋሎፕስ እስከ ኬፕ ካናቬራል

ሮኬት ሲወነጨፍ ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊቀበለው የሚገባው ነገር፣ ሥራው በአብዛኛው የሚያልቀው ከዕለቱ በፊት መሆኑን ነው። የስፔስ ኤክስ ኩባንያ ሮኬት የሆነውን ፋልከን 9ን ብንወስድ፣ ሞተሮቹ ከተቀጣጠሉበት ቅጽበት አንስቶ የመጀመሪያው ክፍል ሥራውን ጨርሶ እስኪላቀቅ ድረስ ያለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ሲሆን፣ እንደ ሠርግ ፎቶ «እስቲ አንዴ ድገሙልኝ» የሚባልበት ዕድል የለም። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ሌንስ መቀየር፣ የብርሃን መጠን ማሰላሰልና የተሻለ ቦታ መፈለግ ስለማይቻል፣ ምን ዓይነት ፎቶ እንደሚነሳ፣ ከየት እንደሚነሳና ካሜራው እንዴት እንደሚስተካከል ቤት ሳሉ ተወስኖ ማለቅ ይኖርበታል። ይህ መመሪያ በዋናነት የታሰበው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖሩ፣ አንዳንዴም ወደ ፍሎሪዳ ለመጓዝ ለሚችሉ የሕዋ ወዳጆች ነው፤ ስለ ካሜራው የተነገረው ግን በየትኛውም የማስወንጨፊያ ሥፍራ ያገለግላል።

የፎቶው ዓይነት

ከካሜራም ከቦታም በፊት የሚወሰነው የፎቶው ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በረጅም ሌንስ ሮኬቱን ከነእሳቱ ቀረብ አድርጎ የሚያሳየው ነው። ሁለተኛው በሌሊት የካሜራውን ሸተር፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ለደቂቃዎች ከፍቶ በመተው፣ የሮኬቱ እሳት በሰማዩ ላይ የሚስለውን ቀስት መሰል የብርሃን መስመር የሚይዝ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሮኬቱ ከምድር ጥላ ወጥቶ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው፣ ከሞተሩ የወጣው ጋዝ ግዙፍ ደማቅ ደመና ሆኖ የሚታይበት፣ ፎቶ አንሺዎች «ጄሊፊሽ» እያሉ የሚጠሩት ትዕይንት ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሌንስ አይጠይቅም፤ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ተራ ሌንስ፣ ጠንካራ ትራይፖድና በገመድ ወይም በሪሞት የሚሠራ የሸተር ማስነሻ ይበቃሉ። ከዚህም በላይ ሸተሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ዓይን ነፃ ስለሚሆን መወንጨፉን ራሱን ለማየት ይቻላል። ሮኬቱን በጠባቧ የካሜራ መስኮት ብቻ አይቶ ወደ ቤት መመለስ በእኔ ግምት ትልቅ ኪሳራ ነው። በአንድ ካሜራ ቀረብ ያለውንም የብርሃን መስመሩንም አነሳለሁ ብሎ መነሳት ግን ሁለቱንም ያሳጣል፤ ሁለተኛ ካሜራ ካለ አንዱን ለመስመሩ አስተካክሎ ትቶ፣ በሌላው መከታተል ይቻላል።

ቦታ

ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ ቅርቡ የማስወንጨፊያ ሥፍራ በቨርጂኒያ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኘው፣ በ1945 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የናሳ ዋሎፕስ ነው። በመኪና ከሦስት ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስዳል። የናሳ የጎብኚዎች ማዕከል ከማስወንጨፊያው 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የቺንኮቲግ ደሴት ደቡባዊ ጫፍም ጥሩ እይታ አለው። ዋሎፕስ እንደ ፍሎሪዳ በየሳምንቱ ሮኬት የሚነሳበት ስላልሆነ፣ የሚወነጨፍበት ቀን ሲታወጅ ያለውን ሥራ ቀይሮም ቢሆን መሄድ ያስቆጫል ብዬ አላስብም። ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮኬት ላብ የተባለው ኩባንያ ኤሌክትሮን የተሰኘች ትንሽ ሮኬቱን ከዚያ ማስወንጨፍ ጀምሯል።

ከቤት ሳይርቁ የሚነሳ ፎቶም አለ። ዋሎፕስ ከዲሲ በቀጥታ መስመር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በጠራ ሌሊት የሚነሳ ሮኬት ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ወይም ደቡብ ምሥራቁ ክፍት ከሆነ ከማንኛውም ከፍታ ላይ ይታያል። መስከረም 6 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ምሽት ላዲ የተባለችው የጨረቃ መንኮራኩር በሚኖታወር 5 ሮኬት ከዋሎፕስ ስትነሳ፣ በምሥራቅ ጠረፍ ከተሞች ያሉ ብዙ ሰዎች ያዩዋትና ያነሷት በዚህ መንገድ ነበር። ከዲሲ ሆኖ ሲታይ ግን ሮኬቱ ከአድማስ በላይ ብቅ የሚለው ከተነሳ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ስለሆነና ወደ ሰማይ እምብርት ስለማይደርስ፣ ከፊት ለፊት ሕንፃና ዛፍ የሌለበትን ቦታ ቀን ላይ ሄዶ ማየት ግድ ነው።

ፍሎሪዳ ከዲሲ ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ድካሙን የሚክሰው በዚያ ያለው የመወንጨፍ ብዛት ነው። ኬፕ ካናቬራል ላይ ሁለት ጎረቤት ሥፍራዎች አሉ። አንደኛው የናሳ የኬኔዲ የሕዋ ማዕከል ሲሆን፣ አፖሎ 11 በሐምሌ 16 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. የተነሳበት 39ኤ የተባለው ማስወንጨፊያ እና የጨረቃው ተልእኮ አርጤምስ 1 በ2022 እ.ኤ.አ. የተነሳበት 39ቢ የሚገኙት እዚያ ነው። ሁለተኛው ከእርሱ በስተደቡብ ያለው የአሜሪካ የሕዋ ኃይል ጣቢያ ነው፤ የስፔስ ኤክስ 40፣ የዩናይትድ ሎንች አሊያንስ 41 እና የብሉ ኦሪጅን 36 ቁጥር ማስወንጨፊያዎች በእርሱ ውስጥ ናቸው። ለፎቶ አንሺ ወሳኙ የሮኬቱ ስም ሳይሆን ከየትኛው ቁጥር እንደሚነሳ ነው፤ ለአንዱ ምቹ የሆነው ቦታ ለሌላው በጣም ሩቅ ሊሆን ይችላልና።

ከ39ኤ እና ከ39ቢ ለሚነሱት በስተሰሜን ያለው የፕላያሊንዳ የባሕር ዳርቻ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት ሁሉ እጅግ ቅርቡ ነው፤ ነገር ግን ሌሊት ዝግ ነው፣ ለአንዳንድ መወንጨፎችም ጭራሽ ይዘጋል። ስለዚህ የሌሊት ዕቅድ በእርሱ ላይ መመሥረት አይገባም። የኬኔዲ ማዕከል የጎብኚዎች ክፍል ለአንዳንድ መወንጨፎች ቲኬት ይሸጣል፤ በሳተርን 5 አዳራሽ አጠገብ ያለው የባናና ክሪክ መመልከቻ ከ39ኤ ከ6 ኪሎ ሜትር ትንሽ ብቻ ስለሚበልጥ ለገንዘቡ ይመጥናል። የታይተስቪል ከተማ ደግሞ በኢንዲያን ሪቨር ሰፊ ውኃ ማዶ ፊት ለፊት ትገኛለች፤ በስፔስ ቪው ፓርክም ሆነ በማክስ ብሩወር ድልድይ አካባቢ መቆም ነፃ ሲሆን ለ39ኤ ያለው ርቀት 19 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውኃው የብርሃኑን ነጸብራቅ ስለሚያሳይ ለሌሊቱ መስመር እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ዳርቻ ነው። ከ40 እና ከ41 ለሚነሱት ከደቡብ በኩል በፖርት ካናቬራል ያለው ጄቲ ፓርክ ይመረጣል፤ የመኪና ማቆሚያ ክፍያ አለው።

ሮኬቱ የሚያመራበት አቅጣጫም የቦታ ምርጫ አካል ነው። ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ የሚሄዱት የጣቢያው ምሕዋር ከምድር ወገብ 51.6 ዲግሪ ያጋደለ ስለሆነ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛሉ፤ ከፍተኛ ምሕዋር ላይ የሚቀመጡ የመገናኛ ሳተላይቶችን የሚያደርሱት በአብዛኛው በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ፤ ኢንተርኔት የሚያሰራጩት የስታርሊንክ ሳተላይቶች ደግሞ አንዳንዴ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ አንዳንዴ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ናቸው። ከታይተስቪል ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የሰሜን ምሥራቁ መስመር ወደ ግራ፣ የደቡብ ምሥራቁ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ይህን ሳያውቁ ሮኬቱን በምስሉ መሐል አድርጎ ማዘጋጀት የመስመሩን ግማሽ ከምስሉ ውጪ ማስቀረት ነው፤ ስለዚህ የሚያመራበትን ጎን አስፍቶ መተው ያስፈልጋል።

ሌንሱ ምን ያህል ያቀርባል?

ረጅም ሌንስ ለመግዛት ወይም ለመከራየት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንድ ቀላል ስሌት ቢሠራ ይጠቀማል። የሌንሱን የፎካል ርዝመት፣ ማለትም በሌንሱ ላይ የተጻፈውን የሚሊ ሜትር ቁጥር፣ በሮኬቱ ቁመት አባዝቶ ለርቀቱ ማካፈል፣ ሮኬቱ ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ዳሳሽ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሆን ይነግራል። ፋልከን 9 ቁመቱ 70 ሜትር ነው። ከታይተስቪል በ19000 ሜትር ርቀት በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲነሳ 2.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሙሉ ፍሬም የሚባለው የካሜራ ዳሳሽ አጭሩ ጎን 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሮኬቱ የምስሉን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በዓይን ሲታይም ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ግማሽ አይደርስም። በባናና ክሪክ ግን ርቀቱ ወደ 6300 ሜትር ስለሚወርድ፣ በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንኳ 4.4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። 18 ሜትር ብቻ የምትረዝመው ኤሌክትሮን ከዋሎፕስ የጎብኚዎች ማዕከል በ600 ሚሊ ሜትር ብትነሳ አንድ ሚሊ ሜትር አትሞላም፤ ለእርሷ ትክክለኛው ፎቶ የብርሃን መስመሩ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአየሩ መርገብገብ ነው። በሞቃት ቀን ከውኃውና ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀት ሩቅ ያለውን ነገር ሁሉ ያወዛውዘዋል፤ የሌንሱ ጥራት ምንም ቢሆን የማስወንጨፊያው ማማ ብረቶች ሟሙተው ይታያሉ። ማለዳና ቀዝቃዛዎቹ የአሜሪካ የክረምት ወራት ከዚህ በብዙ ይሻላሉ። ስለዚህ ከሌንሱ ይልቅ ወደ ሮኬቱ ለመቅረብ ገንዘብ ማውጣት አዋጭ ነው ባይ ነኝ።

ሰዓትና አየር

እንደኛ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር ሰው የሰዓቱ ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማስታወቂያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የግሪንዊችን ሰዓት ወይም የሥፍራውን ሰዓት ይጠቀማሉ፤ በሁለቱም ዘንድ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። አርጤምስ 1 የተነሳው ረቡዕ ኅዳር 16 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ 1፡47 ላይ ነበር። ይህ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 7፡47 ማለት ነው፤ «ረቡዕ ሌሊት» ብሎ የያዘ ሰው አንድ ቀን ዘግይቶ ባዶ ማስወንጨፊያ ያያል። በግሪንዊች 6፡47፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከጠዋቱ 3፡47 ነበር። ስሌቱን ለማቅለል የግሪንዊቹን ሰዓት በወረቀት ጽፎ፣ የሥፍራውን ሰዓት ከጎኑ አስፍሮ፣ የስልኩን ማንቂያ በሥፍራው ሰዓት መሙላት ይበቃል። በጋና ክረምት የአሜሪካ ሰዓት በአንድ ሰዓት እንደሚለዋወጥም መዘንጋት የለበትም።

ወደ ሕዋ ጣቢያው የሚሄድ ሮኬት ምድር ስትዞር የጣቢያው ምሕዋር በማስወንጨፊያው ላይ በሚያልፍባት ቅጽበት መነሳት ስላለበት፣ አንዲት ችግር ከተገኘች ቢያንስ ወደ ማግሥቱ ይተላለፋል። የስታርሊንክ በረራዎች ግን ለሰዓታት የሚዘልቅ ጊዜ ስለሚሰጣቸው በዚያው ሌሊት ሊዘገዩ ይችላሉ። ለጉዞ ሲታቀድ ቢያንስ ሁለት ትርፍ ቀን መያዝና የሚሰረዝ የሆቴል ቦታ መውሰድ ብልኅነት ነው።

ለፍሎሪዳ የአየር ትንበያውን የሚሰጠው የሕዋ ኃይሉ 45ኛው የአየር ሁኔታ ስኳድሮን ሲሆን፣ በመቶኛ የሚያወጣው ቁጥር የማስወንጨፊያው የአየር ሕጎች የመጣሳቸውን ዕድል እንጂ ሮኬቱ ለካሜራ የመታየቱን ዕድል አያመለክትም። ሕጎቹ በአብዛኛው ስለ መብረቅ ናቸው። አፖሎ 12 በኅዳር 14 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. በዝናብ ደመና ውስጥ ሲያልፍ ከተነሳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ በመብረቅ ተመትቷል፤ የጋለው የእሳት ጭራ ራሱ መብረቁን ሊጠራው እንደሚችል በደንብ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በአንጻሩ ዝቅ ያለና ስስ የሆነ ደመና ሰማዩን ሁሉ ቢሸፍነው ሮኬቱ በሕጉ መሠረት ሊነሳ ይችላል፤ ፎቶ አንሺው ግን ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የሚያየው የበራ ደመና ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የመቶኛውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የደመናውን ከፍታና ሽፋን የሚገልጸውን የአካባቢ ትንበያ ጨምሮ ማንበብ ያስፈልጋል። በፍሎሪዳ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ከሰዓት በኋላዎች ነጎድጓድ የሚበዛባቸው ናቸው።

ሌሊት፦ የብርሃኑ መስመር

እዚህ ላይ አንድ ጽንሰ ሐሳብ በደንብ ከገባ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው። እሳቱ በምስሉ ላይ ስለሚንቀሳቀስ እያንዳንዷን ነጥብ የሚያበራው ለቅጽበት ብቻ ነው፤ በመሆኑም የመስመሩን ድምቀት የሚወስኑት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ማለትም አፐርቸሩ፣ እና የአይ ኤስ ኦው ቁጥር፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ናቸው። ሸተሩን ከሁለት ደቂቃ ይልቅ አራት ደቂቃ መክፈት መስመሩን ያረዝመዋል እንጂ አያደምቀውም፤ የሚደምቀው ከበስተጀርባ ያለው ሰማይና የከተማው መብራት ነው። ስለዚህ አፐርቸሩን ለእሳቱ፣ ጊዜውን ለሰማዩ መምረጥ ይገባል።

ኬሮሲን ለሚያቃጥለው ፋልከን 9 አይ ኤስ ኦ 100 እና ኤፍ 11 ጥሩ መነሻ ናቸው (ኤፍ የአፐርቸሩ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፤ በጣም ከቀረቡ ኤፍ 16፣ በጣም ከራቁ ኤፍ 8 ይደረጋል። በጎናቸው ጠጣር ነዳጅ የሚያቃጥሉ ተጨማሪ ሮኬቶች ያሏቸው፣ እንደ አትላስ 5፣ ቩልካንና የአርጤምሱ ኤስ ኤል ኤስ ያሉት፣ እሳታቸው እጅግ ደማቅ ስለሆነ ከዚህም ማጥበብ ይጠይቃሉ። ጀማሪዎች ጨለማውን አይተው ቀዳዳውን በሰፊው ይከፍቱታል፤ የማስወንጨፊያው እሳት ግን ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ አካባቢውን እንደ ቀን ያበራዋል። ከተጠራጠሩ ወደ ማጨለሙ ያዘንብሉ፤ የጨለመ ምስል በኮምፒውተር ይደምቃል፣ የነጣ እሳት ግን አይመለስም።

ካሜራው ሁሉም በእጅ በሚስተካከልበት «ማንዋል» ላይ፣ የሸተሩ ጊዜ ሸተሩን እስከፈለጉ ድረስ ከፍቶ በሚያቆየው «በልብ» (bulb) ላይ፣ የፋይሉ ዓይነት ምስሉን ሳይለውጥ እንዳለ በሚያስቀምጠው «ሮው» (RAW) ላይ ይደረግ። ፎከሱን ለካሜራው መተው አይገባም፤ በካሜራው ስክሪን ላይ የሩቅ መብራት ወይም ደማቅ ኮከብ አጉልቶ በእጅ ካስተካከሉ በኋላ ቀለበቱን በፕላስተር ማጣበቅ ይበጃል። በትራይፖድ ላይ ሲሆን የሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያ ይጥፋ። ለረጅም ጊዜ ከተከፈተ ሸተር በኋላ ምስሉን የሚያጠራው የካሜራው ራስ ሰር ማስተካከያም ይጥፋ፤ ካልጠፋ ካሜራው የአራት ደቂቃውን ምስል ካነሳ በኋላ ለሌላ አራት ደቂቃ ይቆለፋል።

ሌንሱ ሰፊ፣ ከ16 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ከቅርብ ሲነሳ መስመሩ ወደ አናት ስለሚወጣ ካሜራውን ማቆም፣ ከሩቅ ሲነሳ ማጋደም ይሻላል። ቆጠራው ወደ ዜሮ ሲቃረብ፣ ብልጭታው ሲታይ ሸተሩ ይከፈትና እሳቱ ከዓይን እስኪጠፋ ይቆያል። ከታይተስቪል የሚቆም ሰው ድምፁ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል እንደሚወስድበት ቢያስታውስ ጥሩ ነው፤ የሮኬቱ ጉርምርምታ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ስለሆነ፣ ሸተሩን ለመክፈት ድምፁን የሚጠብቅ ሰው የመስመሩን መጀመሪያ ያጣል። ትራይፖዱም በእንጨት መረማመጃ ወይም በድልድይ ላይ ከሆነ የሰው እግር ያወዛውዘዋልና መሬት ላይ ይቁም።

የመጀመሪያው ክፍል ተመልሶ ኬፕ ካናቬራል ላይ የሚያርፍበት በረራ ከሆነ ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ሁለተኛ ምስል ይጠብቁ። ይህ ክፍል ሮኬቱ ከተነሳ ስምንት ደቂቃ ገደማ በኋላ ያርፋል፤ ከዚያ በፊት በሚቀጣጠልባቸው ጊዜያት የሚያወጣው እሳት ከላይ ወደ ታች አጫጭር መስመሮችን ይስላል። ሁለቱን ምስሎች በኋላ በኮምፒውተር መደራረብ የወጣውንና የወረደውን በአንድ ላይ ያሳያል። በነገራችን ላይ ከማረፉ ጋር ተያይዞ የሚሰማው ድርብርብ ፍንዳታ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለመጣ የሚፈጠር ነውና አያስደንግጥ።

ቀንና ጎህ

በፀሐይ ብርሃን ሲነሳ ኤፍ 8፣ አንድ ሁለት ሺህኛ ሰከንድ እና አይ ኤስ ኦ 400 ለነጭ ሮኬት የሚስማሙ ናቸው፤ ሮኬቱና ማማው በጥላ ከሆኑ ብርሃኑን ለእነርሱ ብሎ መጨመር እሳቱን ያነጣዋል፣ ስለዚህ ለእሳቱ መመዘን ይሻላል። ትራይፖዱ ሮኬቱን እስከ ላይ ለመከተል እንዲችል ጭንቅላቱ ላላ ብሎ፣ ረጅም ሌንስ ካለ ጊምባል በሚባለው፣ ሌንሱን ሚዛኑን ጠብቆ በሚያዞረው መያዣ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ተከታታይ ምስሎችን ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ሳያቋርጡ መተኮስ የካሜራውን ማህደረ ትውስታ ይሞላዋል፤ ሮኬቱ ከማማው እስኪላቀቅ በአጭር በአጭሩ፣ ከዚያ በኋላ እየመረጡ ማንሳት ይበጃል።

ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ወይም ከጠለቀች በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚነሳ ሮኬት ሲገኝ ሌላ ሥራ ሁሉ ቢቆም አይበዛበትም። ሮኬቱ ሲወጣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የሞተሩ ጋዝ እየሰፋ ይሄዳል፤ ከታች ጨለማ ሳለ ከላይ ፀሐይ ስለምታገኘው ሰማዩን የሚሞላ ብርሃን ይሆናል። ይህን በአንድ ረጅም ምስል መያዝ አይቻልም፤ መጀመሪያ ላይ እሳቱን በአጭር ጊዜ ማንሳት፣ ከተነሳ ሁለት ደቂቃ ገደማ በኋላ ግን ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.8 ከፍቶ፣ አይ ኤስ ኦውን ወደ 800 ወይም 1600 አሳድጎ፣ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ደጋግሞ ማንሳት ይገባል። ብርሃኑ በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ ስክሪኑን እያዩ ማስተካከል እዚህ ላይ ብቻ የተፈቀደ ነው እላለሁ።

ከካሜራው ውጪ ያለው ዝግጅት

የፍሎሪዳ እርጥበት ለሌንስ ክፉ ጠላት ነው። በአየር ማቀዝቀዣ መኪና ውስጥ የቆየ ካሜራ ወደ ውጪ ሲወጣ ወዲያው በጤዛ ስለሚሸፈን፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ አውጥቶ ከአየሩ ጋር ማስማማት፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆይም በሌንሱ ዙሪያ የሚጠመጠም ማሞቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ቢምቢው በረግረጉ ዳር ብዙ ነው፤ የሜሪት ደሴት የዱር እንስሳት መጠለያ አዞ ያለበት አካባቢ ስለሆነ በጨለማ ወደ ውኃው ጠርዝ መውረድ አይመከርም። ድሮን ማብረር ክልክል ነው።

ማማው ሥር በተተከሉ ካሜራዎች የሚነሱ የቅርብ ፎቶዎችን አይቶ የሚቀና ሰው ይኖራል። እነዚያ ካሜራዎች የሚተከሉት ፈቃድ ባላቸው የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎች ሲሆን፣ ባለቤታቸው በሌለበት የሮኬቱን ድምፅ ሰምተው በራሳቸው ፎቶ ያነሳሉ። አደጋውም የእውነት ነው፤ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ቫንደንበርግ የናሳው ፎቶ አንሺ ቢል ኢንጋልስ ከማስወንጨፊያው 400 ሜትር ያህል አርቆ የተከለው ካሜራ፣ መወንጨፉ ባስነሳው የሣር እሳት ቀልጧል፤ የማስታወሻ ካርዱ ግን ተርፎ እሳቱ ሲቃረብ የተነሳውን ምስል ይዞ ተገኝቷል።

ሮኬቱ ከጠፋ በኋላ ቸኩሎ ወደ መኪና መሮጥ ጥቅም የለውም፤ ከታይተስቪልም ሆነ ከጄቲ ፓርክ የሚወጣው መንገድ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጨናነቃል። ያን ጊዜ ተቀምጦ የሮው ፋይሎቹን ወደ ሁለተኛ ማስቀመጫ መገልበጥና የተጠቀሙባቸውን ቁጥሮች፣ የቆሙበትን ቦታና የሮኬቱን ዓይነት በማስታወሻ መጻፍ ይቻላል። ከባሕር ዳር ከተመለሱም በዚያው ቀን ጨው የነካውን ሌንስና የትራይፖዱን እግሮች በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም በደረቅ ማድረቅ ያስፈልጋል።